የቆርኪ ሥዕልና የደመወዝ ወለል፦ ስለ ቤት ሥራ ለጠየቃችሁኝ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ተማሪ የቤት ሥራ ናቸው። ትምህርት ተቋርጦ የቆየባቸው ብዙ ቦታዎች አሉና ልጆች ደብተር ዘርግተው ሲጨነቁ መስማት ለኔ ትልቅ ደስታ ነው። ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። ከፍኖተ ሰላም፣ ከደብረ ማርቆስና ከቢቸና የመጡ ናቸው። ረዘም ስላሉ አሳጥሬያቸዋለሁ።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የአራተኛ ክፍል ልጅ አለኝ። ለክወናና እይታ ጥበባት ትምህርት ከወዳደቀ ዕቃ አንድ ነገር ሠርታችሁ ኑ ተባሉ። ልጄ ከሃይላንድ የአበባ ማስቀመጫ ሠራ፤ በገዛ እጁ ነው የሠራው። ትንሽ ዘንበል ይላል እንጂ ደስ ይላል። ክፍል ሲገባ ግን ሌሎቹ ከሱቅ በተገዛ ኩባያና በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተሠራ የሚያምር የሚያምር ነገር ይዘው መጥተዋል። አንዳንዱን አባቶች ናቸው የሠሩት። ለልጄ ከአሥር አምስት ተሰጠው። እያለቀሰ ገባ። ለሚቀጥለው እኔም ልግዛለት ወይ? ገንዘቡ ደግሞ የለኝም። የልጅ እናት፣ ከፍኖተ ሰላም»

እታለም፣ አትግዢለት። ገንዘቡ ቢኖርሽም አትግዢለት።

ከሱቅ የወጣ አዲስ ኩባያ ተቆራርጦ አበባ ቢሆን ከወዳደቀ ዕቃ ተሠራ አይባልም። ደህናውን ዕቃ ቆሻሻ ማድረግ ነው። እኔ ራሴ ለዓመታት አስተምሬያለሁ። አንድ ጊዜ አንድ አባት ሃያ አራት አዲስ ኩባያ ገዝቶ አምፖል ማንጠልጠያ የሚመስል ነገር ሠርቶ በልጁ ላከ። በጣም ያምራል። እኔም ያማረውን አየሁና ሙሉ ማርክ ሰጠሁ። ይሄኔ ከጎኑ የተቀመጠችው ልጅ በቲማቲም ጣሳ የሠራችውን ቀስ አድርጋ ዴስኩ ሥር ከተተችው። አይቻታለሁ፤ ግን ምንም አላልኩም። ያቺ ልጅ እስከ ዛሬ ከፊቴ አልጠፋችም።

ስለዚህ መጀመሪያ መምህሩን አናግሪያቸው። ለጠብ አይደለም። ሥራው ክፍል ውስጥ ቢሠራ፣ ማርኩም ለውበቱ ብቻ ባይሆን ብለሽ ጠይቂያቸው። ዕቃው ከየት ተገኘ፣ ሳይጣል በፊት ለምን ያገለግል ነበር፣ ልጁስ ምን አድርጎ ለወጠው? ይህን ልጁ ቆሞ ይናገር። አባት የሠራለት ልጅ እዚህ ላይ ቃል ያጥረዋል፤ ያንቺ ልጅ ግን ያቺ ሃይላንድ ለምን እንደ ዘነበለች ሁሉ ይናገራል። አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ይዞ ማን ምን እንደሠራ መለየት ከባድ ነው፤ ብዙ መምህር መንገዱን ቢያሳዩት ደስ ነው የሚለው።

ለልጅሽ ደግሞ ይህን ንገሪው። ኤል አናትሱይ የሚባል ጋናዊ ሠዓሊ አለ። እ.ኤ.አ. በ1944 ነው የተወለደው፤ ብዙ ዘመኑን የኖረው ናይጄሪያ ንሱካ ነው። የሚሠራው ከመጠጥ ጠርሙስ ክዳን ነው። ክዳኑን ይጠፈጥፋል፣ ይበሳል፣ አንዱን ካንዱ በመዳብ ሽቦ ያስራል። በሺህ የሚቆጠር ክዳን ሲያያዝ ግድግዳ የሚሸፍን ኩታ ይመስላል፤ ከሩቅ ወርቅ ነው የምትይው። እ.ኤ.አ. በ2015 ጣሊያን አገር የሚካሄደው የቬኒስ ቢየናሌ የተባለው ትልቅ የሥነ ጥበብ ትርኢት ለዕድሜ ልክ ሥራው የወርቅ አንበሳ ሸልሞታል። የኛው ኤልያስ ስሜ ደግሞ ከተጣለ ኮምፒውተር፣ ከኪቦርድ ቁልፍና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ይሠራል። ሽቦውን እንደ ሹሩባ ይጎነጉነዋል። ሥራዎቹ በትልልቅ የውጭ ሙዚየሞች ተሰቅለዋል።

ይህ ደግሞ ለኛ ባዳ ነገር አይደለም። ያደግንበት ኩራዝ ከተጣለ ጣሳ የተሠራ ነበር። በረባሶው ከመኪና ጎማ፣ ኳሱ ከአሮጌ ካልሲ፣ የልጅ መኪናው ከሽቦና ከቆርኪ። «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ልጅም የሚኖረው እኛ በጣልነው ነው። አያቱ በሕይወት ካሉ ፌስታል ይዞላቸው ይሂድ። ፌስታሉን ከጠርዙ እየዞረ በቀጭኑ ይቁረጠው፤ አንድ ረጅም ክር ይወጣዋል። እሳቸው ስንደዶውን ይይዙና አክርማው በሚገባበት ያንን የፌስታል ክር በወስፌ እያስገቡ ይጠቀልሉለታል። እኔ ቤት እንዲህ የተሰፋች ትንሽ ሙዳይ አለች፤ ሰማያዊና ቢጫ ናት። ቀለሟ እስካሁን አልለቀቀም። ስስ ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ስለጸደቀም በየአጥሩ የተንጠለጠለውን መልቀም ለልጁ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

በቆርኪ መሥራት ከፈለገ ቆርኪውን በአመድና በሳሙና እጠቢለት። ጠርዙ ጣት ይቆርጣልና ድንጋይ ላይ አስቀምጠሽ በመዶሻ ጠፍጥፊው። ቀዳዳውን በሚስማር አንቺ ብሺለት፣ ማሰሩን ለሱ ተይለት። ሽቦ ከአሮጌ ገመድ ስታወጡ ላስቲኩን በቢላ ላጡት እንጂ እሳት ላይ አትጣሉት፤ የሚነድ ፕላስቲክ ጭስ ለሳንባ መርዝ ነው። ማጣበቂያም አትግዢ። አንድ ስኒ የስንዴ ዱቄት በአራት ስኒ ውሃ በጥብጪና ለስላሳ እሳት ላይ እያማሰልሽ አወፍሪው። ወረቀትና ካርቶን በደንብ ይይዛል።

ሦስት ነገር ግን እጁ አይንካ። አንደኛው የባትሪ ድንጋይ ነው፤ እሱን መክፈት የለበትም። ሁለተኛው ከጤና ጣቢያ የወጣ ማንኛውም ዕቃ ነው። ሦስተኛውና እኛ ጋ በጣም የምፈራው የፀረ ተባይና የፀረ አረም መድኃኒት የነበረበት ጠርሙስና ጀሪካን ነው። ማሳ ዳር ወድቆ ይገኛል፤ ቀለሙም ልጅ ይስባል። ቢታጠብም አይሆንም።

«ሰላም ነሽ እትዬ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ደብረ ማርቆስ። የኢኮኖሚክስ መምህራችን "ዝቅተኛው ደመወዝ ከፍ ይበል ወይስ አይበል?" የሚል የክርክር ጽሑፍ አዘዙን። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ የማገኘው ሁሉ ስለ አሜሪካ ነው። በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው፣ ወደ 15 ዶላር ይደግ ይላል። ጓደኞቼ ከቻትጂፒቲ ገልብጠው ጨርሰዋል። የኔ ወንድም ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ነው የሚሠራው፤ ስለሱ የሚያወራ ምንም አላገኘሁም። ከየት ልጀምር?»

ልጄ፣ ከወንድምህ ጀምር። ማታ እግሩን ታጥቦ ሲቀመጥ ጠይቀው። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ሠራህ? ስንት ተከፈለህ? ምሳ በማን ነው? ዝናብ ሥራ ያስቆመ ቀንስ ይከፈልሃል? መልሱን እሱ በተናገረው ቃል ጻፈው። ጓደኞችህ የገለበጡት ውስጥ ይህ የለም።

ከዚያ ጥያቄው ራሱ ላይ ቁም። «ከፍ ይበል» ይላል። ከምን ላይ? አሜሪካኖቹ የደመወዝ ወለል አላቸው፤ ከዚህ በታች አይከፈልም ተብሎ በሕግ የተቆረጠ መጠን ማለት ነው። በነሱ አቆጣጠር በ1938 በሰዓት 25 ሳንቲም ብለው ጀመሩ፤ ከ2009 ወዲህ የፌዴራሉ 7 ዶላር ከ25 ላይ ቆሟል። ስለዚህ የነሱ ክርክር ያለውን ወለል ስለማሳደግ ነው። እኛ ጋ ግን ለግል ድርጅት ሠራተኛ ከዚህ በታች አይከፈልም የሚል በሕግ የተቆረጠ የብር መጠን የለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። የመንግሥት፣ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ተወካዮች ያሉበት ቦርድ ነው፤ የአገሪቱን ኢኮኖሚና የሥራ ገበያውን እያጠና ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው ይከልሳል ተብሏል። ዝርዝሩ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተተወ። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም (ኢሠማኮ) ይህንኑ ሲጠይቅ ስንት ዓመቱ። ጽሑፍህን «እኛ ከፍ የምናደርገው ወለል ገና አልተሠራም» ብለህ ብትጀምር መምህርህ ቀና ብለው ያነቡሃል።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መነሻ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል ሲባል ሰምተህ ይሆናል። እሱ የመንግሥት ሠራተኛ እርከን ነው። ወንድምህን አይነካውም፤ ሆቴል ሰሃን የምታጥበውንም፣ ፋብሪካ የምትሰፋውንም አይነካም። በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ባወጣው ሪፖርት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ስፌት ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ ልብስ ሰፍተው ለዓለም ከሚልኩ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ይህ እንደሆነም ተጽፏል። ወለል የሌለው ቤት ምን እንደሚመስል ለማሳየት ይህ ቁጥር ይጠቅምሃል።

ተቃራኒውን ወገን ደግሞ አትዝለለው። ደመወዝ በሕግ ከፍ ሲል አሠሪው ሰው ይቀንሳል ይላሉ፤ የመማሪያ መጽሐፍህ ላይ ያለው የፍላጎትና የአቅርቦት መስመርም ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ጀርሲ ዝቅተኛውን ደመወዝ በሰዓት ከ4 ዶላር ከ25 ወደ 5 ዶላር ከ5 ሳንቲም አሳደገች። ጎረቤቷ ፔንሲልቬንያ ባለችበት ቆየች። ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር የተባሉ ተመራማሪዎች በሁለቱም በኩል ያሉ ከ400 በላይ ፈጣን ምግብ ቤቶችን አነጻጸሩ። ኒው ጀርሲ ላይ ሥራ ቀንሷል የሚል ነገር አላገኙም። ካርድ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ አንዱ ምክንያት ይህን የመሰለው ሥራው ነው። ሌሎች ግን፣ ለምሳሌ ኒውማርክና ዋሸር፣ በደመወዝ መዝገብ አይተን የተለየ ነገር አገኘን ብለው ሞግተዋቸዋል። ሁለቱንም ጻፍ። ኒው ጀርሲ ግን ደብረ ማርቆስ አይደለችም፤ ያንንም ጻፍ።

የኔን ሐሳብ ከጠየቅከኝ ወለል ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ምክንያቴ አንድ ማለዳ ያየሁት ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የቀን ሠራተኞች አካፋቸውን ይዘው የሚቆሙበትን ቦታ ታውቀዋለህ። አንድ ሲኖትራክ መጥቶ ቆመ። ሰውዬው በመስኮት ብቅ ብሎ «አምስት ሰው!» አለ። ዋጋ ጠሩለት። አልፈልግም ብሎ ከዚያ ያነሰ ዋጋ ጠራና መስኮቱን ሊዘጋ ሲል ከኋላ አንድ ልጅ፣ ከንፈሩ በብርድ የደረቀ፣ «እኔ በዚያ እሄዳለሁ» አለ። ሌሎቹ ዞረው አዩት። ማንም አልተቆጣውም። ከዚያ አንድ በአንድ በዚያው ዋጋ እየወጡ መኪናው ላይ ተጫኑ። የዚያን ቀን የሁሉንም ዋጋ የቆረጠው ትናንት ያልበላው ልጅ ረሃብ ነው። ለዚያ ልጅ «ተደራደር» ማለት ምን ማለት ነው?

ገጠር ወንፈል አለን አይደል? ዛሬ አንተ ማሳ ላይ ከዋልኩ ነገ አንተ እኔ ማሳ ላይ ትውላለህ። ቀን በቀን ነው የሚመለሰው። የድሃው ቀን ከሀብታሙ ቀን አያንስም። ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ላይ ግን ይህ ጠፍቷል፤ የኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። አንተ የራስህን አምጣ።

ወለሉ የማይደርስባቸውንም አንሳቸው። ጎጃም አብዛኛው ሰው ገበሬ ነው፤ ደመወዝተኛ አይደለም። የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ አዋጁ ሌላ ደንብ ይውጣለት ብሎ አልፎታል። ያለ ውል የሚሠራውን የቀን ሠራተኛ ማን ይቆጣጠርለታል? ወለል ቢወጣና ዋጋው በየዓመቱ ካልታየ ደግሞ የኑሮ ውድነቱ ውጦት ይሄዳል።

የብሩን መጠን ብቻ አትጻፍ፣ ብር ይለዋወጣል። ቅዳሜ ገበያ ውጣና የጤፍ ዋጋ በኪሎ ጠይቅ። የወንድምህን የቀን ክፍያ ለዚያ አካፍለው። የአንድ ቀን ላቡ ስንት ኪሎ ጤፍ ይገዛል? ከዚያ አባትህን ወይም ጎረቤት ያሉ አንድ አዛውንት «እርስዎ በወጣትነትዎ አንድ ቀን ሠርተው ስንት ቁና እህል ያገቡ ነበር?» ብለህ ጠይቅ። ዘይቱን፣ ሳሙናውን፣ የአንድ ክፍል ቤት ኪራዩን በወር አስላ። ሠንጠረዥ ይወጣሃል። ጽሑፉን በእንግሊዝኛ እንደምታስረክብ አውቃለሁ፤ መጀመሪያ ግን በአማርኛ አስበህ በአማርኛ ጨርሰው። ገልብጠው የመጡትን መምህሩ አንድ ጥያቄ ሲጠይቋቸው ይጠፋቸዋል፤ አንተ ግን የጠየቅካቸውን ሰዎች ፊት ታስታውሳለህ።

«ጤና ይስጥልኝ። ቢቸና አካባቢ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የጥበብ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ሦስት ሺህ ያህል ቆርኪ ሰብስበው ትልቅ የግድግዳ ሥዕል ሠሩ፤ ጣናን ከነታንኳው። አንድ የሆቴል ባለቤት አይተው ልግዛው አሉ። ትምህርት ቤቱ ገንዘቡ ለወንበር ማሠሪያ ይግባ ይላል። ልጆቹ ደግሞ "የኛስ?" ብለው ጠየቁኝ፤ መልስ አጣሁ። ሰውዬው ሁለት ተጨማሪ ይሠራልኝም ብለዋል። ምን ላድርግ?»

መምህር፣ በቅድሚያ እጅዎ ይባረክ። ሦስት ሺህ ቆርኪ አስለቅመው ጣናን ማሠራት ቀላል አይደለም።

የልጆቹ ጥያቄ ትክክል ነው። ወንበሩም ያስፈልጋል፤ ግን ልጅ የሠራውን ሸጦ ልጁን አለመጠየቅ አይሆንም። ቁጭ በሉና አብራችሁ አስሉ። አንድ ቆርኪ ማጠብ፣ መጠፍጠፍ፣ መብሳትና ማሰር ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ሦስት ሺው 6,000 ደቂቃ ነው። መቶ ሰዓት ማለት ነው። በቀን ስምንት ሰዓት ብናደርገው አሥራ ሁለት ቀን ተኩል ይሆናል። ይህንን በቢቸና የቀን ሥራ ዋጋ ያባዙት። ንድፉን ያወጣው ልጅ ሐሳብ ገና አልተቆጠረም፤ የሽቦውና የእንጨቱ ወጪም አልገባም። ሰውዬው ከዚህ በታች ከሰጡ ልጆቹ ራሳቸው «አንሷል» ይበሉ። ስለ ደመወዝ ወለል ከዚህ የተሻለ ትምህርት በየትም ክፍል አይሰጥም።

ከዚያ ክፍፍሉን ወላጆች ባሉበት ተነጋገሩበት። እኔ ብሆን የልጆቹን ድርሻ አስቀድሜ አወጣለሁ፤ ለያንዳንዳቸው ደብተርና እስክሪብቶ፣ ወይም በወላጆቻቸው በኩል በጥሬው። የተረፈው ለወንበሩ ይሁን። ይህ ቃለ ጉባዔ ተይዞ ይጻፍ፤ ልጆቹም ይፈርሙበት።

ሁለቱን ተጨማሪ ሥዕል ግን እምቢ ይበሉ። የመጀመሪያው ትምህርት ነበር። በትእዛዝ የሚሠራው ሥራ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ላሉትም ቢሆን በቀን ከሰባት ሰዓት በላይና በሌሊት ማሠራት አይፈቀድም። የእርስዎ ተማሪዎች አብዛኞቹ 15 አልሞላቸውም። ሰውዬው ከፈለጉ ሥራ ያጡ ወጣቶች ሰፈሩ ውስጥ አሉ፤ እርስዎ አሠራሩን ያሳዩዋቸው፣ ሰውዬው ደግሞ ይክፈሏቸው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሥዕሉ ሆቴሉ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ከሥሩ የልጆቹ ሙሉ ስም ከነአባታቸው በቀለም ይጻፍ፤ «የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች» ተብሎ አይታለፍ። ሲሰቀል ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፤ ያሰላችሁትን ዋጋም አብረው ይጻፉልኝ።